ለካሮሊስ፣ ስለ አካና ስለ እባቡ

ውድ ካሮሊስ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ የት እንዳለህ ሳላውቅ እንዴት ነህ ማለት ቀልድ ይሆናል። አንተ ብትሆን "ጠይቂ እንጂ፣ ጥያቄ ምን ይጎዳሻል" ትለኝ ነበር። በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ቀረፋ ስንልጥ ዕድሜያችንን ጨረስን፤ እጃችን ሲሠራ አፋችን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አሁን የማወራው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ላንተ ብቻ የሚነገር ነገር ስላለኝ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ትናንት የሞትክበትን የሦስተኛ ወር ምጽዋትህን አወጣን። መነኮሳቱ መጡ፣ በሉ፣ ጸለዩ፣ ተመለሱ። ሳይደረግ ሊቀር ለጥቂት ነበር። ሊያስቀረው የነበረው ማን እንደሆነ ብነግርህ ስለማታምነኝ ከሥሩ ልጀምርልህ። አገሩ ሁሉ "ካሮሊስ ሚስቱን ሙጥኝ ብሎ ሞተ፤ በሷ ምክንያት መሄጃ አጣ" ሲል ነው የከረመው። እኔ ያየሁትን ግን ማንም አላየም። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ደግሞ ወሬውን እውነት አስመሰለው።

ሐኪሞቹ "ቤቱ ይረፍ" ብለው የመለሱህ ዕለት ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶን ነበር። አንተ ግን መንገድ ላይ "ያሳ፣ ቤት ስንደርስ ዓሣ ሥሪልኝ፤ ኮምጠጥ አድርጊው" አልከኝ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ትንፍሽ አላልክም። በማግስቱ ታላቅ እህትህ ሚሲኖና፣ አገር ምድሩ አካ የሚላት፣ ነጭ ልብሷን በዘንቢል ጠቅልላ ከተፍ አለች። ሻይ እንኳን ሳትጠጣ ከአልጋህ ራስጌ ተቀመጠች።

አካን ላንተ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም፤ ግን ለራሴ ልበለው፣ ስለው ልቤ ይለዝባል። እናታችሁ አንተን ወልዳ ስትሞት እሷ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ሩዙን አላምጣ በአፍህ እያደረገች ነው ያሳደገችህ። ጨረቃ በሞላች ቁጥር ነጭ ለብሳ ገዳም የምትውል፣ ጉንዳን ላለመርገጥ መንገድ የምትቀይር ሴት ናት። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ያም ሆኖ በዚያ ሰሞን ጠላኋት ካሮሊስ፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴ እስኪቃጠል ጠላኋት።

መጥታ ብዙም ሳትቆይ ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

"ያሳ፣ ዐይኑን አየሽው?" አለችኝ።

"የቱን ዐይን?"

"አንቺን ተከትሎ የሚዞረውን ነዋ! ውሃ ልታመጪ ስትወጪ በሩ ላይ ይቀራል። ስትመለሽ ፊቱ ይበራል። ይሄ ደግ ነገር መሰለሽ?"

"ባሌ እኮ ነው አካ። ማንን እንዲያይ ፈለግሽ? ጣራውን?"

"አዎ፣ ጣራውን! ጣራውን ቢያይ ይሻለው ነበር። ሰው በመጨረሻዋ ትንፋሹ የያዘው ሐሳብ ነው ይዞት የሚሄደው፣ ይሄ ጠፍቶሽ ነው? አንቺን ሙጥኝ እንዳለ ቢሞት ከዚህ ቤት አይወጣም። እንሽላሊት ሆኖ ግድግዳሽ ላይ ይቀራል። ውሻ ሆኖ ደጃፍሽ ይተኛል። ይሄን ነው የምትመኝለት?"

ሳድግ የሰማሁት ይህንኑ ነው። የባለሱቁ ሚስት አንድ ቀን እንኳን ሳትለብሳት ለቀረች አዲስ ሳሪ ስትንሰፈሰፍ ሞታ፣ ሳጥኑ ውስጥ ብል ሆና ተገኘች ሲባል፣ ልጆቿ ብሏን እንዳይገድሉ ሳጥኑን ቀስ ብለው ሲከፍቱ በዐይኔ አይቻለሁ። አንተ በዚህ ትስቅ ነበር፤ እኔ ግን እፈራ ነበር። አካ ያን ፍርሃቴን ነው ያገኘችው።

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አልኳት።

"ውጪ። አትታዪው። እስኪያልፍ ድረስ ክፍሉ ውስጥ አትግቢ።"

ወጣሁ። ወጥቼም በረንዳው ላይ፣ ከግድግዳው ወዲህ፣ ቀረፋዬን ይዤ ተቀመጥኩ። በመካከላችን ያለው ጭቃ ብቻ ስለነበር ሁሉንም እሰማ ነበር።

"አካ፣ ያሳ የት ሄደች?" አልክ።

"ሥራ ላይ ናት።"

"ምን ሥራ?"

"አንተ ልጅ፣ ስለ ሥራ አታስብ! የቡድሃን ስም አስብ።"

"እያሰብኩ ነው። እሷም ትምጣና አብረን እናስበዋለን።"

ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ለቅሶዬ። እንዳትሰማኝ የሻሼን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት። ቅርፊቱ ከእንጨቱ እንዲላቀቅልኝ በናሱ ዘንግ አሻለሁ፣ ቢላዬን አስገባለሁ፣ ቅርፊቱ ግን ገና ሲነካ ይቀደዳል። ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ፣ አንድ ሙሉ ልጣጭ ማውጣት አቃተኝ። አንተ ደግሞ እየደጋገምክ ትጠራኛለህ። በየጥሪህ እግሬ ይነሳና መልሶ ይቀመጣል። ብገባ እንሽላሊት አደርግሃለሁ፤ ባልገባ ብቻህን ትሞታለህ። እስቲ አንተ ፍረድ፣ የትኛውን ልምረጥ?

በማግስቱ መጥራቱን ተውከው። አካ ወደ በረንዳው ብቅ አለችና ፊቷ ፈክቶ "አየሽ? ለቀቀሽ" አለችኝ። ደስታዋ የክፋት እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን በያዝኩት ቢላ ምን እንዳሰብኩ አልነግርህም።

ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ መነኩሴ ሲላናንዳ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ሊጸልዩልህ መጡ። እጄን አጋጥሜ እግራቸው ሥር ሰገድኩ።

"ያሳዋቲ፣ ባልሽ ታሞ ምነው ውጭ?" አሉኝ።

"አትግቢ ተብዬ ነው አባቴ።"

"ማን አለሽ?"

አካ ከበሩ ሥር ሆና መለሰች፤ "እኔ ነኝ አባቴ። እንዳይጣበቅባት ብዬ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ጥሪልኝ ሲለኝ ነበር። ዛሬ ግን ተወው።"

"ተወው? ወይስ ዋጠው?" አሉ መነኩሴው።

እሳቸው ነጭ ጨርቅ በለበሰው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን እየያዙ ተቀመጡ።

"ሚሲኖና፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ዛሬ ወዲህ ስመጣ መንገድ ዳር ዓሣ ሲጠበስ ሸተተኝና አማረኝ።"

"አባቴ!" አለች አካ ክው ብላ።

"አማረኝ እንጂ ቆሜ አልጠበቅኩትም። ሽታው አለፈ፣ እኔም አለፍኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይሄን ልብስ ለብሼ አምሮት እንዳይመጣብኝ ማድረግ አልቻልኩም፤ ይመጣል። አፍንጫዬን ቆርጬ ልጣል?"

"ኧረ እንዴት ተደርጎ!"

"መፈለግ አንድ ነገር ነው፤ የፈለጉትን አልለቅም ብሎ ሙጥኝ ማለት ሌላ ነገር ነው። አይለያዩም አላልኩሽም። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይወልዳል፤ ሁለቱንም ከሥራቸው ነቅሎ የጣለ ሰው ቢኖር እሱ ከኛ መንደር አይደለም። ግን ዛሬ፣ በዚች በቀረችው ሰዓት፣ ወንድምሽ የጠየቀው ሊያያት ብቻ ነው። የተጠማን ሰው ውሃ ከልክለሽ ስለ ውሃ አታስብ ብትይው ከውሃ በቀር ምን ያስባል? ያላቀቅሽው መስሎሽ እያሰርሽው ነው።"

"ካያት በኋላስ አልለቅም ቢል?"

"እሱ የራሱ ነው። በር ዘግተሽ ሰውን ልታስለቅቂ አትችይም።"

ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ግቢ። ስትገቢ ግን የራስሽን እጅ ጠብቂ።" ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ መግባቱ ብቻ ነበር የታየኝ።

እንዴት አንሰህ እንደቆየኸኝ! በሁለት ቀን ሰው እንዲህ ያንሳል? አጠገብህ ቁጢጥ ብዬ የእጅህን አንጓ ያዝኩ።

"መጣሽ?" አልክ።

"መጣሁ።"

"ቀረፋው እንዴት ሆነ?"

"ተቀዳደደብኝ።"

"ድሮም ብቻሽን ስትሆኚ ታበላሺዋለሽ" አልክና ከንፈርህ ጥግ ላይ ያቺ የተንኮል ሳቅህ መጣች።

መነኩሴው ዐይናቸውን ጨፍነው ጸሎቱን ጀመሩ። አካ ከኋላዬ መሬት ላይ ተደፍታለች። አንተ ታየኛለህ። ግንባሬን አየህ፣ ጉንጬን፣ በልጅነቴ ወድቄ የተሰነጠቀውን አገጬን አየህ፤ ረጅም መንገድ ሄዶ የመጣ ሰው ውሃ እንደሚጠጣ ቀስ ብለህ፣ ሳትቸኩል አየኸኝ። ከዚያም "አየሁሽ። በቃኝ" አልክ። ፊትህን ከኔ ወደ ጸሎቱ ድምፅ አዞርክ።

አሁን የምነግርህን እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ ለማንም አልተናገርኩትም። ፊትህን ስታዞር እጅህንም ወደ ደረትህ ልትወስድ ፈለግህ፤ አልቻልክም። የያዝኩህ እኔ ነበርኩ። ጣቶቼ በአንጓህ ላይ ተቆልፈው ነበር። መያዜን እንኳን አላወቅኩትም፤ አንተ ነህ ያሳወቅከኝ።

"ያሳ፣ እጄን" አልክ፤ ከኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ።

ያመመህ መስሎኝ ደንግጬ ለቀቅኩህ። አላመመህም፤ እንድለቅህ ነበር የፈለግከው። እጅህን ደረትህ ላይ አኖርክ፣ ሌላኛውንም ከላዩ። ወደኔ መልሰህ አላየህም። ጸሎቱ ሳያልቅ ትንፋሽህ ቆመ።

ያን ጊዜ ተቆጣሁህ ካሮሊስ። እንዴት ዞር ብለህ አታየኝም ብዬ። እንዴት "በቃኝ" ትለኛለህ? እኔ እኮ አልበቃኝም! የሌላ ሴት ባል "አልጠግብሽም" እያለ ይሞታል፣ የኔው "በቃኝ" አለኝ ብዬ ለቀናት አኮረፍኩህ። ለሰው እንዴት ልናገረው? ሰው ሁሉ እሱ ሙጥኝ አለ ሲል፣ ኧረ ሙጥኝ ያልኩትስ እኔ ነኝ፣ እሱማ እጄን አስለቅቆኝ ሄደ ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር?

አካ በቀብሩም በሰባተኛው ቀን ምጽዋትም ላይ የሚሰማትን ሰው ሁሉ እየያዘች ስታለቅስ ነበር። "ለቆ ነበር እኮ! ባትገባበት ኖሮ ንጹሕ ሆኖ ይሄድ ነበር። አሁን የት ይግባ ታናሼ?" ትላለች። ሰዉ ወደኔ ያያል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ይህን ሁሉ ያባሰው ደግሞ እባቡ ነው። ከሰባተኛው ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ከቀረፋው እንጨት ክምር ውስጥ ወጣ፤ ያ አይጥ የሚያድነው፣ መርዝ የሌለው ረጅሙ ቢጫ እባብ። ቀጥ ብሎ በረንዳው ላይ ወጣና የት የተጠቀለለ ይመስልሃል? አንተ ለሥራ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ። በማግስቱም እዚያው። ጎረቤታችን ጂኖሪስ አየና መንደሩን ጠራ።

"ካሮሊስ ነው እኮ! ቦታውን ሳይስት!"

"ሲያየኝ አንገቱን አልነቀነቀልኝም?" አለች አንዷ።

"ካሮሊስ ከሆነ ሻይ ስጡት እንጂ፤ ያለ ሻይ መቼ ሥራ ጀምሮ ያውቃል!"

እየሳቁም ቢሆን እጃቸውን አጋጥመው ይሰግዱለት ነበር። እኔስ? እኔ ያየሁትን አውቃለሁ፤ ለቀህ እንደሄድክ ከኔ በላይ ምስክር የለም። ግን ልንገርህ፣ ያን ጠዋት ልቤ ዘለለ። ደስ አለኝ። ሰው ሆኖ ካልተመለሰ እባብም ሆኖ ይምጣ አልኩ በሆዴ። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጂኖሪስ ጥርስ፣ ስለ ሁሉም ነገር አወራሁት። አመሻሹ ላይ አንድ ትልቅ አይጥ ከነጅራቱ ዋጠና በሆዱ እብጠት ይዞ እየተጎተተ ሄደ። ካሮሊስ፣ አንተ እኮ አጥንት ያለው ዓሣ እንኳን አትወድም ነበር። ያኔ ተሰናበትኩት።

አካ ግን ወሬው ደረሳትና በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ዘንቢሏን አስቀምጣ በሸክላ ሳህን ወተት ቀዳችና በረንዳው ላይ ተንበረከከች።

"ታናሼ" አለችው ተመልሶ የተጠቀለለውን እባብ። "ከሳህ እኮ።"

ሳቄን ልለቀው ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት። እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም፤ ሙሽራ ነበር የምትመስለው።

ከዚያ ወዲህ ከቤታችን አልወጣችም። ጠዋት ወተት፣ ከሰዓት እንቁላል። ወተቱን የጂኖሪስ ድመት ትጨርሰዋለች፤ አካ ባዶውን ሳህን ታይና "ጠጣልኝ!" ትላለች። እሷ ራሷ መብላት ተወች። ጨረቃ ሞላች፣ ገዳም አልሄደችም። "ስሄድ ቢመጣስ?" አለችኝ። በሌላ ቀን ዝናብ ሲጥል በረንዳው ጫፍ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ለባዶ ቦታ ስትይዝ አገኘኋት።

እኔ ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። በየቀኑ ስልጥ እንደ ቢላዬ ስስለው ከረምኩ። አንድ ቀን ፊት ለፊቷ ቆሜ "እስቲ አሁን ማነው ሙጥኝ ያለው?" እላታለሁ ብዬ። ሰዓቷን ብቻ ነበር የምጠብቀው።

ሰዓቷ ትናንት ወዲያ መጣች። ሩዙን ለቅሜ፣ ኮኮናቱን ፈልፍዬ፣ መነኮሳቱን ጠርቼ ጨርሻለሁ። አካ ማጀት ገባችና ከመጥበሻው ሥር ያለውን እሳት በውሃ አጠፋችው።

"አይደረግም" አለች።

"ምኑ ነው የማይደረገው?"

"ምጽዋቱ። የሦስት ወሩ አይወጣለትም።"

"አካ፣ አብደሻል? ምጽዋት አውጥተን ትሩፋቱን፣ የጽድቁን ዋጋ፣ ካልሰጠነው እንዴት ይሄዳል?"

"እሱን ነው እኮ የምልሽ!" ብላ ጮኸች። "ትሩፋቱ ከደረሰው ይሄዳል!"

ዐረፍተ ነገሬ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ነው ያልኳት፤ "ይሂድ እንጂ አካ። ከደጅ ያስቀመጥሽኝ እንዲሄድ ብለሽ አልነበር?"

"ያኔ አላወቅኩም ነበር።"

"ምኑን?"

"ሲሄድ እንዲህ እንደሚሆን።" ከእሳቱ አጠገብ አመዱ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ያ ሁልጊዜ የማይቆሽሽ ነጭ ልብሷ አመድ ለበሰ። "ያሳ፣ ገና ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ነው ያስታቀፉኝ። ማንም እንዴት እንደሚያዝ አላስተማረኝም። እንዳይወድቅብኝ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደሚለቀቅ አላውቅም።"

የሳልኩት ዐረፍተ ነገር ከአፌ ጠፋ። አጠገቧ አመዱ ላይ ተቀመጥኩና ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። የያዝኩህ እኔ እንደነበርኩ፣ "ያሳ፣ እጄን" እንዳልከኝ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አኑረህ ወደኔ እንዳልተመለስክ፣ ሁሉንም።

አመዱን በጣቷ ጫር ጫር አደረገች።

"ለቀቀሽ?"

"ለቀቀኝ አካ።"

"እኔንም?"

"ሁላችንንም።"

አፍንጫዋን በአመዳም እጇ ጠረገችና ወደ በረንዳው በኩል ተመለከተች። "ታዲያ ያ እባብ ማነው?"

"እባብ ነዋ! አይጥ ሊበላ የመጣ እባብ።"

መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልቻልኩም፤ እኔም የራሴን አልለየሁትም። ከዚያ ተነስተን እሳቱን አብረን አነደድነው።

ትናንት መነኮሳቱ በልተው ሲጨርሱ ትሩፋቱን ላንተ የምንሰጥበት ውሃ ቀረበ። ማንቆርቆሪያው፣ ስኒው፣ ከሥሩ ሰፊው ሳህን። ከዘመድ ትልቅ እሷ ስለሆነች ማንቆርቆሪያውን አካ ያዘች፤ እኔ እጄን በእጇ ላይ ጫንኩ። መነኮሳቱ ዜማውን ጀመሩ። ውሃው ግን አልወረደም። ዜማው ቀጠለ፣ ሰዉ አንገቱን ማስገግ ጀመረ፣ አዛውንቱ መነኩሴ አንድ ዐይናቸውን ገለጥ አድርገው ዘጉት። እጇ ከእጄ ሥር ድንጋይ ሆኗል።

"ያሳ" አለችኝ በሹክሹክታ። "እንዲሄድ አልፈልግም።"

"እኔም አልፈልግም አካ" አልኳት። "አፍስሺው።"

አፈሰሰችው። ስኒው ሞላ፣ ሞልቶ ወደ ሳህኑ ፈሰሰ፣ ማንቆርቆሪያው ባዶ እስኪሆን ድረስ አልቆመችም። እጄን የጫንኩት ላግዛት ነበር፤ ማገዝ ግን አላስፈለጋትም።

ይኸው ይሄ ነው ካሮሊስ። ማኩረፌን ትቻለሁ። "በቃኝ" ማለትህም ገብቶኛል። እኔ እዚያ አልደረስኩም፤ አሁንም እፈልግሃለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብስብኛል። ይመጣል፣ ቆይቶ ይሄዳል፣ በማግስቱ ይመለሳል። እንዳይመጣ መከልከል አልችልም፤ አንተን ግን አልጠራህም። ይሄን ደብዳቤም ጽፌ ስጨርስ ሌላ አልጽፍልህም።

ምናልባት አሁን የማላውቃት ሴት አርግዛህ ይሆናል። ማን እንደሆንክ አታውቅም፤ ባታውቅ ይሻላል። ስታለቅስ ቶሎ ታንሳህ። መራመድ ስትጀምር ደግሞ እጅህን ትልቀቅልህ።

ያሳዋቲ